ጄኖቫን በእግር፦ መዝገብና ማዕድ የጠበቋት ጥንታዊት የወደብ ከተማ

በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን የሊጉሪያ ክልል ዋና ከተማ የሆነችው ጄኖቫ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ከሚገኙ ጥንታዊ የወደብ ከተሞች አንዷ ናት። ከተማዋ በመካከለኛው ዘመን ከቬኒስና ከፒዛ ጋር የባሕር ንግድን የተፎካከረች ሪፐብሊክ የነበረች ሲሆን፣ በአሁኑ ወቅት ደግሞ የጎብኚዎችን ቀልብ ከሚስቡ አገልግሎቶቿ መካከል በአስጎብኚ የሚመራና የአካባቢውን ምግቦች በየቦታው ማቅመስን የሚጨምር የእግር ጉብኝት ይጠቀሳል።

የዚህ ጉብኝት መነሻ ሐሳብ ቀላል ነው። በጄኖቫ ጥንታዊ ክፍል የሚገኙት ጠባብና ጠመዝማዛ መንገዶች ተሽከርካሪ የማያስገቡ በመሆናቸው ከተማዋን በአግባቡ ማየት የሚቻለው በእግር ብቻ ነው። በእነዚሁ መንገዶች ግራና ቀኝ የሚገኙት ዳቦ ቤቶች፣ የዓሣ መጥበሻ ቤቶችና የጣፋጭ መደብሮች ደግሞ ለጎብኚ ተብለው የተከፈቱ ሳይሆኑ፣ ነዋሪው ዕለት ተዕለት የሚገለገልባቸው ናቸው። ከተማዋ ቅርሷን ይዛ የቆየችው በአንድ በኩል በመዝገብ አስፍራ በመጠበቅ፣ በሌላ በኩል ከአገልግሎት ውጪ እንዲሆን ባለመተው መሆኑን የጉዞው መስመር በግልጽ ያሳያል።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከገበያው እስከ ከተማዋ በር

ጉብኝቱን ለመጀመር አመቺ ከሆኑ ቦታዎች አንዱ በ20 መስከረም ጎዳና የሚገኘው የምሥራቅ ገበያ ነው። ገበያው በ1899 የተከፈተው ቀደም ሲል የአውግስጢናውያን መነኮሳት ገዳም በነበረ ግቢ ውስጥ ነው። ስያሜውም ከሩቅ ምሥራቅ አገሮች ጋር የተያያዘ ሳይሆን ከጥንታዊቷ ከተማ በስተምሥራቅ መገኘቱን የሚያመለክት ነው። በ2019 የገበያው መካከለኛ ክፍል ታድሶ የምግብ ቤቶች አደባባይ ሆኖ ሥራ ጀምሯል።

በዚህ ሥፍራ ጎብኚው በቅድሚያ የሚተዋወቀው ከከተማዋ በሶብላ ጋር ነው። የጄኖቫ በሶብላ አገራችን ለድልህና ለሽሮ ቅመም ከምትጠቀምበት በሶብላ ጋር ዝርያው አንድ ቢሆንም ቅጠሉ ትንንሽና ለስላሳ፣ መዓዛውም የተለየ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2005 የአመጣጥ ሥፍራ ጥበቃ የሰጠው በመሆኑ በሊጉሪያ የተወሰነ ክልል ካልበቀለ በቀር በዚህ ስም ለገበያ ሊቀርብ አይችልም። ከታወቁት የልማቱ ሥፍራዎች አንዱ የሆነው ፕራ የተባለው መንደር ከከተማዋ ዘመናዊ የኮንቴይነር ወደብ አጠገብ ይገኛል።

ከበሶብላው የሚዘጋጀው ማባያ ፔስቶ ይባላል። በሶብላ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የፓይን ዛፍ ፍሬ፣ ሁለት ዓይነት አይብ፣ ደረቅ ጨውና የወይራ ዘይት በእብነ በረድ ሙቀጫ ውስጥ በእንጨት ዘነዘና ተወቅጠው ይዋሐዳሉ። ስሙ ራሱ መውቀጥ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ነዋሪዎች ፔስቶውን ከፓስታ፣ ከድንችና ከፎሶሊያ ጋር ቀላቅለው ይመገቡታል።

ከገበያው ወደ ደ ፌራሪ አደባባይ አሥር ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በመንገዱ ላይ የሚቀመሰው ፎካቻ በወይራ ዘይት የታሸ ጠፍጣፋ ዳቦ ሲሆን፣ ሊጡ በጣት እየተጫነ ጎድጎድ እንዲል ከተደረገ በኋላ የጨው ውኃና ዘይት ፈስሶበት ይጋገራል። የጄኖቫ ሰው ፎካቻውን በማለዳ ከማኪያቶ ወይም ከካፑቺኖ ጋር እያጠቀሰ ሲበላ ማየት የተለመደ ነው።

ከአደባባዩ ጥቂት እርምጃ ዝቅ ሲባል ፖርታ ሶፕራና የተባለው ባለ ሁለት ግንብ በር ይገኛል። በሩ የተሠራው የጄኖቫ ሕዝብ ከጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ከፍሬድሪክ ባርባሮሳ ሊሰነዘር የሚችለውን ጥቃት በመሥጋት በ1155 ገደማ ከተማውን በግንብ ባጠረበት ወቅት ነው። ከበሩ አጠገብ የክሪስቶፎር ኮሎምበስ ቤት እየተባለ የሚጎበኘው ትንሽ ሕንጻ በ1684 በፈረንሳይ የባሕር ኃይል ድብደባ ከፈረሰ በኋላ በ18ኛው መቶ ዓመት እንደገና የተሠራ ነው።

የሽምብራው ቂጣ

ከበሩ ወደ ውስጥ የሚወስዱት ጠባብ መንገዶች ካሩጂ ይባላሉ። በእነዚህ መንገዶች ላይ የሚገኙ ምድጃ ቤቶች ከሚያቀርቧቸው ምግቦች ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ቅርብ የሚሆነው ፋሪናታ ነው። የሽምብራ ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ ለሰዓታት ከቆየ በኋላ ጨውና የወይራ ዘይት ተጨምሮበት በሰፊ የመዳብ ትሪ ላይ በስሱ ይፈስሳል፤ በእንጨት በሚነድ ምድጃም ላዩ ወርቃማ እስኪሆን ድረስ ይጋገራል። የእንስሳት ተዋጽኦ የሌለው በመሆኑ ለጾመኛም የሚሆን ነው።

በአካባቢው አፈ ታሪክ መሠረት ምግቡ የተገኘው በ1284 ጄኖቫ በሜሎሪያ የባሕር ውጊያ ፒዛን ድል ነሥታ ስትመለስ ማዕበል በመርከብ ላይ የነበረውን የሽምብራ ዱቄትና ዘይት ከባሕር ውኃ ጋር በመቀላቀሉ ነው። አፈ ታሪኩ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ፋሪናታ የሚያስረዳው እውነታ ግን የማያሻማ ነው። ጄኖቫ ከኋላዋ ተራራ፣ ከፊቷ ባሕር ያለባትና የሚታረስ ሰፊ መሬት የሌላት ከተማ በመሆኗ ምግቧ ርካሽ፣ ለመርከብ ጉዞ የሚቆይና ከጥቂት ግብዓት የሚዘጋጅ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሚደረስበት የቅዱስ ሎሬንጾ ካቴድራል በ1118 በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ገላስዮስ ዳግማዊ የተባረከ ሲሆን፣ በነጭና በጥቁር ድንጋይ በተነባበረው ፊቱ ይታወቃል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በየካቲት 9 ቀን 1941 ከእንግሊዝ የጦር መርከብ የተተኮሰ ከባድ የመድፍ ጥይት ጣሪያውን ጥሶ ከገባ በኋላ ሳይፈነዳ ቀርቷል። የጥይቱ ቀፎ ዛሬም በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ለዕይታ ቆሟል።

ከወደቡ ፊት ለፊት፦ ኢትዮጵያን የሚመለከቱ ሁለት ሥፍራዎች

መንገዱ ወደ ባሕሩ ሲወርድ ሶቶሪፓ ከተባለው ቅስት ያለው ጥንታዊ በረንዳ ይደርሳል። በዚህ ሥፍራ ትኩስ የተጠበሰ ዓሣ በወረቀት ተጠቅልሎ ይሸጣል። ከፊት ለፊቱ የሚታየው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ መንግሥት በ1260 የተሠራ ሲሆን፣ ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የቅዱስ ጊዮርጊስ ባንክ መቀመጫ ነበር። በ1407 የተቋቋመው ይህ ባንክ የሪፐብሊኩን ዕዳ የሚያስተዳድርና ቀረጥ የሚሰበስብ ተቋም የነበረ ሲሆን፣ በናፖሊዮን ዘመን በ1805 እስከ ተዘጋበት ጊዜ ድረስ ወደ 400 ዓመት አገልግሏል። ሕንጻው በአሁኑ ወቅት የወደቡ ባለሥልጣን ጽሕፈት ቤት ነው።

ከሕንጻው አጠገብ በካሪካሜንቶ አደባባይ የመርከብ ድርጅት ባለቤት የነበረው የራፋኤሌ ሩባቲኖ ሐውልት ቆሟል። ጣሊያናውያን ሩባቲኖን በይበልጥ የሚያስታውሱት በ1860 ጋሪባልዲና ተከታዮቹ ወደ ሲሲሊ የዘመቱት በድርጅቱ መርከቦች በመሆኑ ነው። ለኢትዮጵያውያን ግን ስሙ ሌላ ትርጉም አለው። በ1869 ጁሴፔ ሳፔቶ የተባለው የቀድሞ ሚሲዮናዊ በቀይ ባሕር ዳርቻ የአሰብን የባሕር ወሽመጥ መሬት ከአካባቢው ሹማምንት የገዛው በሩባቲኖ ድርጅት ስም ነበር። የጣሊያን መንግሥት በ1882 ይዞታውን ከድርጅቱ ተረክቦ የመንግሥት ግዛት አደረገው። በ1885 ምጽዋን ያዘ፤ በ1890 የኤርትራን ቅኝ ግዛት አወጀ። በዚህ መልክ የተስፋፋው ወረራ በ1896 በዓድዋ ላይ ተገታ። ለመርከብ ከሰል ማራገፊያ ተብሎ በአንድ የንግድ ድርጅት የተፈረመ ውል የአገር ዕጣ ፈንታን የሚነካ ጉዳይ እስከ መሆን የደረሰበት ሂደት ከዚህ ወደብ መነሳቱን ሐውልቱን የሚያይ ኢትዮጵያዊ ልብ ሊለው ይገባል።

ከሐውልቱ ብዙም በማይርቅ ሥፍራ ሌላ ዓይነት ግንኙነት የሚያስታውስ ቤተ ክርስቲያን አለ። የሞሎው ቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ይባላል። በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የዚህ ደብር አስተዳዳሪ የነበሩት ካህንና የካርታ ሠሪ ጆቫኒ ዳ ካሪኛኖ፣ ወደ አውሮፓ ተልከው የነበሩና ለመመለስ ምቹ ነፋስ እስኪገኝ በጄኖቫ የቆዩ 30 ያህል የኢትዮጵያ ልዑካንን ስለ አገራቸው፣ ስለ ሃይማኖታቸውና ስለ ሥርዓታቸው እንደጠየቁ ይነገራል። የካህኑ ጽሑፍ በቀጥታ ባይገኝም አጭር ይዘቱ በ1483 በታተመ የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ተጠቅሷል። ጉዞው በተለምዶ በ1306 እንደተደረገ ቢገለጽም፣ በዘመኑም ሆነ በዝርዝሩ ላይ የታሪክ ምሁራን ዛሬም ይከራከራሉ።

በአንድ ወደብ ላይ፣ በአጭር የእግር መንገድ ርቀት፣ አንዱ ሥፍራ ስለ ኢትዮጵያ የጠየቀን፣ ሌላው መሬቷን የገዛን ሰው ያስታውሳል። አብዛኛው መደበኛ ጉብኝት በሁለቱም ላይ ብዙ ስለማይቆይ፣ ኢትዮጵያውያን ጎብኚዎች አስጎብኚያቸውን አስቀድመው ቢጠይቁ ይመረጣል።

እንግዳ ማሳረፍ በሕግ የተደነገገባት ከተማ

ከወደቡ ወደ ላይ ሲመለሱ በሶዚሊያ አካባቢ በ1780 የተመሠረተው የሮማኔንጎ የጣፋጭ መደብር ይገኛል። ፍራፍሬን በስኳር አብስሎ የማቆየት ጥበብ ወደ ጄኖቫ የገባው ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን ጋር በነበረው ንግድ አማካይነት ነው። ለገና በዓል የሚዘጋጀው ፓንዶልቼ የተባለ ጣፋጭ ዳቦም ዘቢብና እንዲህ ያለውን ፍራፍሬ ይይዛል። በቆየው ልማድ መሠረት ዳቦው ከመቆረሱ በፊት በላዩ የተሰካውን ቅጠል የሚያነሣው ከቤተሰቡ በዕድሜ ትንሹ ነው፤ አንድ ቁራሽም ለድኻ ይቀመጣል።

ቀጥሎ የሚገኘው የጋሪባልዲ ጎዳና በ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በሪፐብሊኩ ውሳኔ የተቀየሰ ሲሆን፣ 250 ሜትር ያህል ርዝመት አለው። በግራና ቀኙ የተሠሩት የባለጸጎች ቤተ መንግሥቶች ከተራ መኖሪያነት ያለፈ መንግሥታዊ ግዴታ ነበረባቸው። ሪፐብሊኩ የራሱ የእንግዳ ማረፊያ ቤተ መንግሥት ስላልነበረው፣ የጄኖቫ ሴኔት በ1576 ባወጣው ድንጋጌ ለመንግሥት እንግዶች ማረፊያ የሚሆኑ የግል መኖሪያዎች በዝርዝር እንዲመዘገቡ አደረገ። መዝገቦቹ ሮሊ ይባላሉ። ቤቶቹ በስፋታቸውና በጥራታቸው በደረጃ ተከፍለው፣ ለነገሥታትና ለካርዲናሎች የሚመጥኑት ከሌሎቹ ተለይተው ይያዙ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ዕጣ ይወጣል፤ ዕጣው የደረሰው ባለቤትም እንግዳውን በቤቱ የመቀበል ግዴታ ነበረበት። ዝርዝሩ እስከ 1664 ድረስ በየጊዜው ታድሷል።

ለአስተዳደር ተብሎ የተያዘው ይህ መዝገብ ከዘመናት በኋላ ለቅርስ ጥበቃ ዋና ማስረጃ ሆኗል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ2006 የጄኖቫን አዳዲስ ጎዳናዎችና የሮሊ ቤተ መንግሥቶች በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ በመዝገቦቹ ከሰፈሩት ከ100 በላይ ቤቶች 42ቱ ተካትተዋል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ቱርሲ ቤተ መንግሥት ከ1848 ጀምሮ የማዘጋጃ ቤቱ መቀመጫ ሲሆን፣ የሙዚቀኛው የፓጋኒኒ ቫዮሊንም በዚያው ይጠበቃል። በግል ይዞታ ሥር ያሉ በርካታ ቤተ መንግሥቶችም የሮሊ ቀናት በሚባሉት ልዩ ወቅቶች ለሕዝብ ይከፈታሉ።

ማዘጋጃ ቤቱ ከአጋር ተቋማት ጋር በመሆን ለታሪካዊ መደብሮችም መዝገብ አቋቁሟል። ዓላማው ሕንጻው ብቻ ሳይሆን በውስጡ የሚካሄደው ሥራ፣ የቤት ዕቃውና የአሠራር ልማዱ ጭምር እንዲጠበቅ ነው።

የወደቡ ለውጥና የከተማዋ ፈተና

የጄኖቫ ወደ ጉብኝት መዞር ያለ ምክንያት የመጣ አልነበረም። የብረታ ብረትና የመርከብ ግንባታ ሥራ በመቀዝቀዙ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከ800 ሺህ በላይ የነበረው ነዋሪ ዛሬ ወደ 560 ሺህ ገደማ ዝቅ ብሏል። ቀደም ሲል በጉምሩክ አጥር ከከተማው ተለይቶ የነበረው አሮጌው ወደብ፣ የኮሎምበስ ጉዞ 500ኛ ዓመት በተከበረበት በ1992 በጄኖቫ ተወላጁ አርክቴክት በሬንዞ ፒያኖ ንድፍ መሠረት ለሕዝብ ክፍት ሆነ። በ2004 ደግሞ ከተማዋ የአውሮፓ የባህል መዲና ተብላ ተሰየመች።

ይሁንና ጥንቱን መጠበቅ የዘመኑን መሠረተ ልማት ከመንከባከብ ነፃ አያደርግም። በነሐሴ 14 ቀን 2018 የሞራንዲ ድልድይ ተደርምሶ 43 ሰዎች ሞተዋል። በምትኩ የተሠራው የቅዱስ ጊዮርጊስ ድልድይ በነሐሴ 2020 ተመርቋል። በሌላ በኩል በመርከብ የሚመጣው ጎብኚ እየበዛ መሄዱ አሮጌዎቹ መደብሮች ለነዋሪው የሚሰጡትን አገልግሎት እንዳይተዉ ሥጋት ማሳደሩ አልቀረም።

ለጎብኚዎች

ጉብኝቱ እንደ መስመሩ ርዝመት ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይወስዳል። ማለዳ መነሳት ፎካቻን ከምድጃ እንደወጣ ለመቅመስ ያስችላል። መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት ስለሚበዛበት ምቹ ጫማ ያስፈልጋል፤ በነሐሴ ወር ደግሞ በርካታ መደብሮች ለእረፍት ይዘጋሉ። በጣሊያን የአስጎብኚነት ሙያ ፈቃድ የሚጠይቅ ሲሆን፣ በ2023 መጨረሻ የወጣ ሕግ ብሔራዊ ፈተናና ብሔራዊ የባለሙያዎች መዝገብ እንዲኖር ደንግጓል። በመሆኑም ፈቃድ ያለውን አስጎብኚ መምረጥ ይገባል። ከአዲስ አበባ የሚነሣ መንገደኛ እስከ ሚላኖ በአውሮፕላን፣ ከዚያም በባቡር ሁለት ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ጄኖቫ መድረስ ይችላል።

ጉዞው የሚጠናቀቀው ከጋሪባልዲ ጎዳና ጀርባ ወደ ካስቴሌቶ ኮረብታ በሚያወጣው በ1909 ሥራ በጀመረው አሳንሰር ነው። ከዚያ ላይ ሆኖ ሲታይ የቤቶቹ ጣሪያ፣ ወደቡና ከ1543 ጀምሮ አሁን ባለው ቅርጹ የቆመው ላንቴርና የተባለው የመርከቦች መብራት ማማ በአንድነት ይታያሉ። ማማው ዛሬም ሌሊት ይበራል፤ ከሥሩ ያሉት ዳቦ ቤቶችም ገና ሳይነጋ ምድጃቸውን ያቀጣጥላሉ።