ሁለት ፊርማ፦ ከውጆ እስከ ቅርንጫፍ

በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀርብልናል። ወልቂጤ ላይ የጀመርነው የበርበሬ፣ የቅመማ ቅመምና የቡላ ዝግጅት ሥራ ቡታጅራ ላይ ቅርንጫፍ ይክፈት ወይስ ባለበት ይቆይ? ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን በሰው ሻንጣ እያስላኩ የሚወስዱትን በርበሬስ በሕጋዊ መንገድ መላክ እንጀምር ወይ? በዚህ ጉዳይ በቡና ላይም፣ በስብሰባ ላይም፣ በለቅሶ ቤትም ሳይቀር ስንከራከር ከርመናል። ግማሾቻችን «ገበያው አይጠብቀንም» እንላለን። ግማሾቻችን ደግሞ «የያዝነውን ሳናጠብቅ ወዴት?» እንላለን።

እኛ ሂሳቡን የምንይዘው ሰዎች ከመወገናችን በፊት ወደ ኋላ ዞር ብለን ማየት ፈለግን። ከእኛ በፊት የነበሩት ሥራቸውን ሲያስፋፉ ገንዘቡን ማን ያዘ? ማን ወሰነ? ማንስ ተቆጣጠረ? ያገኘነውን እንደሚከተለው አቅርበናል።

መለኪያው አንድ ነበር

ከእናቶቻችን እንጀምር። በጉራጌ አገር ሴቶች ውጆ የሚሉት የቅቤ ዕቁብ አለ። አንድ ላም ብቻ ያላት ሴት ከምታልበው ወተት ለገበያ የሚበቃ ቅቤ አይወጣላትም። ስለዚህ ጎረቤታሞች ይሰባሰቡና ያላቸውን በተራ ለአንዷ ይሰጣሉ። ተራ የደረሳት ሴት በአንድ ጊዜ ብዙ ቅቤ ታገኛለች፤ ለመስቀል ታውለዋለች ወይም ሸጣ ቁም ነገር ትሠራበታለች። በሚቀጥለው ጊዜ እሷም የተቀበለችውን ያህል ለሌላዋ ትሰጣለች።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ደብተር አልነበረም። ቁጥጥር ግን ነበር። የሚሰፈረው በታወቀ ዕቃ ነው፤ ዕቃው ለሁሉም አንድ ነው፤ ስፍሩን ሁሉም ያያል፤ ተራውን ሁሉም ያውቃል። ያጎደለች ሴት በሁሉም ፊት ትጠየቃለች። ሰጪዋ ብቻዋን ለካች፣ ተቀባይዋ ብቻዋን ቆጠረች የሚባል ነገር የለም። ዛሬ እኛ «ውስጣዊ ቁጥጥር» ብለን ኮሌጅ ገብተን የተማርነውን እናቶቻችን በወተት ዕቃ ይሠሩት ነበር።

ወደ ከተማ የወጡት ወገኖቻችን ደግሞ የገንዘብ ዕቁብን ይዘው አደጉ። ዕቁብ በከተሞች የተስፋፋው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ በጉራጌ ነጋዴዎች አማካይነት እንደሆነ በብዛት ይነገራል። የመርካቶ ገበያ በአሁኑ ቦታው የተደራጀውም በዚያው ዘመን ነው። በመርካቶ በዓረቦች ሱቅ ተቀጥረው ንግድ የለመዱ፣ ሊስትሮ ሠርተው ያጠራቀሙ ብዙ ወጣቶች የራሳቸውን ሱቅ የከፈቱት በዕቁብ ገንዘብ ነው። ዕቁቡም አደረጃጀት አለው። ሰብሳቢ (ዳኛ)፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ካልጠራ ብሩን አይወስድም። ጸሐፊው ብር አይነካም፤ ገንዘብ ያዡ መዝገብ አይጽፍም። ያለ ጠበቃ፣ ያለ ማኅተም ብዙ ሺህ ብር እየተንቀሳቀሰ ዕቁቡ ሳይፈርስ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

መንገዱን የሠራው መዋጮ

ከዕቁብ ወደ ትልቅ ድርጅት የተሻገርነው በመንገድ ሥራ ነው። በ1954 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የሚኖሩ ጉራጌዎች ከዓለምገና ተነስቶ በቡታጅራና በሆሳዕና አልፎ ወላይታ ሶዶ የሚደርስ መንገድ ለማሠራት ማኅበር አቋቋሙ። በዚያን ጊዜ ወልቂጤ በጅማ መንገድ ላይ ስለሆነች መኪና ያገኛት ነበር። የቡታጅራ ሰው ግን ክረምት ሲገባ ከዋና ከተማው ይቆራረጥ ነበር። በሽተኛ በቃሬዛ ይወሰዳል፤ እህሉና በርበሬው በአህያ ይጫናል።

መዋጮው የተሰበሰበው ከከተማ ነጋዴና ሠራተኛ፣ ከገጠር ገበሬም ጭምር ነው። አዲስ አበባ ያለው ሰው በትውልድ አካባቢው እየተደራጀ፣ የእገሌ አገር ልጆች ይህን ያህል፣ የእገሌ አገር ልጆች ይህን ያህል እያለ ያዋጣ ነበር። መንግሥትም በአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤቱ በኩል ድርሻውን አደረገ። በሰባት ቤት ጉራጌ በኩልም ተመሳሳይ የመንገድ ሥራ ማኅበር ነበር። እነዚህ ጥረቶች ውለው አድረው የጉራጌ ሕዝብ ራስ አገዝ ልማት ድርጅት ለሚባለው መሠረት ሆኑ፤ ሥራውም ከመንገድ አልፎ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ሌላ ልማት ሰፋ። የዓለምገና ወላሞ መንገድ ማኅበር ታሪክ የምሁራንንም ዓይን ስቧል። ፈቃዱ ገዳሙ የተባሉት ምሁር በ1972 እ.ኤ.አ. ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት በእርሱ ላይ ነው።

እኛን የገረመን የገንዘቡ ብዛት አይደለም። አንድ የመርካቶ ነጋዴ በዓይኑ ላላየው ግሬደር፣ ለማያውቀው መሐንዲስ ገንዘቡን አምኖ መስጠቱ ነው። ያመነው ሰውዬውን ብቻ አልነበረም። የሰጠው ብር በደረሰኝ እንደሚመዘገብ፣ የአካባቢው ተወካይ እንደሚጠየቅበት፣ መንገዱም ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ሲገፋ በዓይን እንደሚታይ ያውቅ ነበር። አመኔታው ከሰው ወደ አሠራር ተሸጋግሮ ነበር ማለት ነው።

ደረሰኙ ላይ ያልተጻፈ ስም

ይሁን እንጂ ይህን ታሪክ ስናነሳ አንድ በዕድሜ የገፉ አባላችን ያጫወቱንን መዝለል አንችልም። እናታቸው ለመንገዱ ሥራ የቅቤ መሸጫቸውን ብር ሰጥተው ነበር። ደረሰኙ ግን የተቆረጠው በአባታቸው ስም ነው። «እናቴ አልተቀየመችም፤ መንገዱ ከመጣ ምን ቸገረኝ አለች» ብለውናል። እኛ ግን ወረቀት የምንይዝ ሰዎች ነንና ነገሩ ከንክኖናል። በውጆው ላይ ስሟም ተራዋም የታወቀ ሴት፣ ነገሩ ወደ ወረቀት ሲሸጋገር ስሟ ጠፋ።

ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. በአገራችን ሁለት ትላልቅ ሕጎች ወጡ። አንደኛው የንግድ ሕግ ነው። ይህ ሕግ የአክሲዮን ማኅበር ምን ዓይነት አደረጃጀት ሊኖረው እንደሚገባ ደነገገ፦ የበላይ የሆነው የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ ነው፤ ከሦስት ያላነሱ ከአሥራ ሁለት ያልበለጡ ዲሬክተሮች ይመረጣሉ፤ ሂሳቡን የሚመረምር ኦዲተር ደግሞ ለብቻው ይመረጣል፤ የዲሬክተሮች የቅርብ ዘመድ ኦዲተር መሆን አይችልም። ሁለተኛው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። እሱ ደግሞ ባል የቤተሰቡ አለቃ መሆኑን ጽፎ፣ ከሚስት የግል ገቢ በቀር የጋራ ሀብቱን እሱ እንዲያስተዳድር አደረገ። በአንድ ዓመት የወጡ ሁለት ሕጎች፣ አንዱ «ብቻውን የሚያዝ አይኑር» ሲል ሌላው «ብቻውን ይዘዝ» አለ። በኩባንያው ላይ ኦዲተር ተሾመ፤ በጓዳችን ላይ ግን አልተሾመም።

ከዚያ በፊት በ19ኛው መቶ ዘመን የቃቄ ውርድወት በሰባት ቤት ጉራጌ ሸንጎ በየጆካ ፊት ቆማ ስለ ሴቶች የጋብቻ መብት የተሟገተችው ይህንኑ ተቃውማ ነው። ስለ ሴት ሲወሰን ሴት የሌለችበት ሸንጎ አይበቃም ነበር ነገሯ። የጋራ ሀብትን ባልና ሚስት እኩል ያስተዳድሩ የሚለው ሕግ የመጣው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ክልሎችም የየራሳቸውን ሕግ አወጡ። ዛሬ ባንክ ሄደን በስማችን የምንፈርመው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ከአገር የወጡት እንዴት ወጡ?

የደርግ ዘመን ለንግድ የማይመች ነበር። በ1967 ዓ.ም. ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና ትላልቅ ፋብሪካዎች ተወረሱ። ለግል ነጋዴም የካፒታል ጣሪያ ተደረገ፤ ለችርቻሮ 200 ሺህ፣ ለጅምላ 300 ሺህ ብር። በዚያ ዘመን ማደግ ራሱ ያስፈራ ስለነበር ብዙ ነጋዴ ሥራውን በቤተሰብ ውስጥ ደብቆ ያዘ። በአንድ ሰው ኪስና በአንድ ሰው ራስ የሚሠራ ንግድ ልማድ የሆነብን በከፊል ከዚያ ይመስለናል።

ድንበር ስለመሻገር ስናስብ ግን ከሁሉ የቀረበን ምሳሌ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር ውል ገብቶ ነበር። ባለቤትነቱ የኢትዮጵያ ሲሆን ሥራ አስኪያጆቹ ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ከዚያ የመጡ ነበሩ፤ የኛ ሰዎች እየተማሩ ቆይተው ተረከቡ። ከዚያ ራሱ ወደ ሌላ አገር ሲሄድም «ሁሉም የኔ ይሁን» አላለም። በ2002 ዓ.ም. በቶጎ ሎሜ ሥራ በጀመረው አስካይ ውስጥ በሽርክና ገባ። በ2013 እ.ኤ.አ. በማላዊ አየር መንገድ ሲገባ የያዘው 49 በመቶ ነው፤ አብዛኛው ድርሻ የማላዊ ወገን ሆኖ ሥራውን የማስተዳደር ልምዱን እሱ ይዞ ሄደ። አገሩን የሚያውቅ ሸሪክ ያዘ፣ ድርሻውን በወረቀት ለየ፣ ከዚያ በረረ።

በሴቶች በኩልም እናት ባንክን እናነሳለን። አሥራ አንድ ሴቶች አስበውት በ2005 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ከባለአክሲዮኖቹ የሚበዙት ሴቶች ናቸው። አሥራ አንዱ ብቻቸውን ይዘውት ቢሆን ኖሮ አንድ ትልቅ ዕቁብ ሆኖ ይቀር ነበር። ቦርድ፣ ሥራ አስኪያጅና ኦዲተር ስላለው ግን መሥራቾቹን በስም የማታውቅ ሴት ገንዘቧን ታስቀምጥበታለች።

የኛው ስህተት

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። አንዳንዶቻችሁ የምታውቁትን፣ አዲሶቹ ግን ያልሰማችሁትን መንገር አለብን። በ2010 ዓ.ም. ቡታጅራ ገበያ የማረቆ በርበሬ እንድትገዛ አንዲት አባላችንን 62 ሺህ ብር አስይዘን ላክናት። ብቻዋን ገዛች፣ ብቻዋን አስመዘነች፣ ብቻዋን አስጫነች። 6 ኩንታል በ54 ሺህ፣ ጭነት 2,400፣ ደላላ 1,200፣ ሸክምና ጆንያ 900፤ ቀሪውን 3,500 ብር መለሰች። ከሁለት ሳምንት በኋላ በርበሬው ተሰጥቶና ተለቅሞ ስንመዝነው 36 ኪሎ ጎደለ። በብር ቢተመን 3,240 ነው።

የሚዛን ወረቀት አልነበረም። ያጎደለውን ያላወቅን ሰዎች ወሬ ጀመርን። ማንም ፊት ለፊት አልከሰሳትም፤ ማንም ግን አልተከላከለላትም። ከሦስት ወር በኋላ ስብሰባ መምጣት አቆመች። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ጭነት በምስክር ፊት መዝነን፣ አድርቀን፣ እንደገና ስንመዝን ከኩንታል 6 ኪሎ ያህል ቀነሰ፤ እርጥበቱ ወጥቶ፣ አጓራውና የተበላሸው ተለቅሞ ማለት ነው። ያችው የጎደለችው 36 ኪሎ እሷው ናት። ሴትዮዋ ሀቀኛ ነበረች። ይህን በቃለ ጉባኤ አስፍረናል፤ ይቅርታ የጠየቃት ግን የለም።

ብዙ ሰው ቁጥጥር የሚያስፈልገው ሌባ ለመያዝ ይመስለዋል። እኛ ከዚህ የተማርነው ሌላ ነው። ቁጥጥር የሚያስፈልገው ይበልጡን ለሀቀኛው ነው። ሁለት ፊርማና አንዲት የሚዛን ወረቀት ቢኖሩ ኖሮ ያቺ እህታችን ዛሬ አብራን በነበረች።

ለጉባኤው የምናቀርበው

ስለዚህ ጥያቄውን ለሦስት ከፍለን እንድታዩት እንለምናለን።

መጀመሪያ፣ ንግዱ በምን ስም ይሁን? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ እንደኛ ያለ ማኅበር ገቢ የሚያስገኝ ሥራ እንዲሠራ ይፈቅዳል። ሂሳቡ ግን ለብቻው መያዝ አለበት፤ ትርፉም ለአባላት አይከፋፈልም። ትርፍ እንካፈል ካልን ኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም ኩባንያ ማቋቋም ይኖርብናል። በኅብረት ሥራ ማኅበር አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው። በአክሲዮን ማኅበር ግን ድምፅ በአክሲዮን ብዛት ነው፤ አሥር አክሲዮን ያላት አንድ ካላት አሥር እጥፍ ትሰማለች። ይህን ሳንለይ ቅርንጫፍ ብንከፍት ደጋፊዎቻችን ለሴቶች ሥልጠና የላኩት ብርና የበርበሬው ብር በአንድ ካዝና ይቀላቀላሉ።

ሁለተኛ፣ ማን ምን ይያዝ? ገንዘብ ያዥ አትግዛ፤ የምትገዛ አትመዝግብ፤ የምትመዘግብ ቼክ አትፈርም። የባንክ ሂሳቡ በጣምራ ፊርማ ይሁን። የቁጥጥር ኮሚቴ አባላት የቦርድ አባላት ዘመድ አይሁኑ። ወልቂጤና ቡታጅራ ዛሬ የሁለት ዞኖች መቀመጫ ናቸው፤ በመካከላቸው የጉራጌ ተራሮች አሉ። ቅርንጫፉ የራሱ ገንዘብ ያዥና የራሱ ተቆጣጣሪ ከሌለው፣ በየሳምንቱ ተራራ ተሻግሮ ደረሰኝ የሚያይ ሰው አናገኝም።

ሦስተኛ፣ ወደ ውጭ መላኩ። በራሳችን ሱቅ ለመክፈት አቅሙም ዕውቀቱም የለንም። እዚያ ፈቃድና ደንበኛ ያለው ሸሪክ ፈልገን፣ ድርሻችንን በውል ለይተን እንጀምር ባዮች ነን። ይህም ሁለቱ ከተስተካከሉ በኋላ ነው።

እንግዲህ መልሳችን «አዎ፣ ግን በቅደም ተከተል» ነው። የቡታጅራው ቅርንጫፍ ከመከፈቱ በፊት ግን ቦርዱ ሁለት ሰው ልኮ የዚያችን እህታችንን በር እንዲያንኳኳ እንጠይቃለን። ስሟን ከአባላት መዝገብ አልሰረዝነውም። በርበሬ መምረጥ እንደሷ የሚያውቅ እስካሁን አላገኘንም፤ ብትመለስ የሚዛን ወረቀቱ ላይ ሁለተኛዋን ፊርማ እኛው እንፈርማለን።