ሽቦ አልባው መረብና የተሰወረው ዕውቀት፦ ከሊኑክስ ታሪክ አንድ ምዕራፍ

በዛሬው ጊዜ ሊኑክስ የተባለውን ስርዓተ ክወና በላፕቶፑ ላይ የጫነ ሰው፥ ብዙውን ጊዜ የሽቦ አልባውን መረብ ስም መርጦ የይለፍ ቃሉን ከማስገባት በቀር ሌላ ድካም የለበትም። ከሃያ ዓመት በፊት ግን ይኸው ሥራ ቀናት የሚፈጅ፥ አንዳንዴም ከቶ የማይሳካ ነበር። በዚህ አጭር ጽሑፍ የችግሩ ምንጭ ምን እንደ ነበረና በምን መንገድ እንደ ተቃለለ ለመመርመር እንሞክራለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን የነገሩን መነሻ እንመልከት። በ1985 የአሜሪካ ፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለውን የሬዲዮ ሞገድ ጭምር ተጠቃሚው ልዩ ፈቃድ ሳያወጣ ለመገናኛ እንዲያውለው ፈቀደ። በ1997 802.11 የተባለው የጋራ ደንብ ወጣ፤ ፍጥነቱም በሴኮንድ እስከ 2 ሜጋቢት ነበር። በ1999 የወጣው 802.11ቢ ይህን ወደ 11 ሜጋቢት ከፍ አደረገው፤ ከዚያም ወዲህ ነገሩ ዋይፋይ በሚል ስም በዓለም ታወቀ። ሊኑክስ ደግሞ በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በነበረው በሊነስ ቶርቫልድስ የተጀመረ ሲሆን፥ ምንጭ ኮዱን ማንም ሊያነበውና ሊያሻሽለው ይችላል።

እንግዲህ ሁለቱ ሲገናኙ ለምን ተቸገሩ? የሬዲዮው ቺፕ ያለ ድራይቨር አይሠራም። ድራይቨር ማለት በስርዓተ ክወናውና በመሣሪያው መካከል ቆሞ የአንዱን ቃል ለሌላው የሚያስተረጉም ፕሮግራም ነው። ይህን ለመጻፍ የቺፑን አሠራር ማወቅ ግድ ይላል። ዳሩ ግን ብዙዎቹ አምራቾች ድራይቨሩን ለዊንዶውስ ብቻ እያዘጋጁ፥ የአሠራሩን መግለጫ ለሌላ ሰው አይሰጡም ነበር። ምክንያታቸውም ሁለት ነው፤ አንደኛው የንግድ ምስጢር ሲሆን፥ ሁለተኛው የሬዲዮ ሕግ ነው። የሞገዱ ልክና ኀይል በፕሮግራም የሚወሰን ከሆነ፥ ኮዱን ያገኘ ሰው ከተፈቀደው ወሰን ያልፋል ብለው ይሠጉ ነበር። ይህ ሥጋት መሠረተ ቢስ ነው ባንልም፥ መሣሪያውን በገንዘቡ የገዛው ሰው እንዳይጠቀምበት ማድረጉ ግን አልቀረም።

መፍትሔው በሦስት መንገድ ተፈለገ። የመጀመሪያው በ2003 የተጀመረው ኤንዲስራፐር ነው። ይህ ለዊንዶውስ የተሠራውን ድራይቨር እንዳለ ወስዶ በሊኑክስ ውስጥ ያሠራል። ብዙ ሰው ተገልግሎበታል፤ ሆኖም ውስጡ የማይታይ ስለ ሆነ፥ ስሕተት ቢገኝበት ሊያርመው የሚችል አልነበረም።

ሁለተኛው መንገድ የቺፑን አሠራር ከውጤቱ ተነሥቶ መመርመር ነው። በብሮድኮም ቺፖች ላይ ሥራው ለሁለት ተከፈለ፤ አንደኛው ቡድን የኩባንያውን ድራይቨር መርምሮ ያገኘውን በጽሑፍ ያስቀምጣል፤ ሁለተኛው ቡድን የኩባንያውን ኮድ ሳያይ ከጽሑፉ ብቻ አዲስ ድራይቨር ይሠራል። እንዲህ መከፈሉም ኮዱን ቀድታችኋል ከሚል ክስ ለመዳን ነው። ይህ ድራይቨር በ2006 ወደ ሊኑክስ ከርነል ገባ።

ሦስተኛው መንገድ የኩባንያዎቹ ራሳቸው ተባባሪ መሆን ነው። ኢንቴል በ2004 ለላፕቶፕ ቺፖቹ የሊኑክስ ድራይቨር አቀረበ። በ2007 ማክ80211 የተባለው ለድራይቨሮች ሁሉ የጋራ የሆነ ክፍል ወደ ከርነሉ በመግባቱ፥ እያንዳንዱ ጸሐፊ ሁሉን ከመጀመሪያው መጀመሩ ቀረ። አቴሮስ በ2008፥ ብሮድኮምም በ2010 ለአዳዲስ ቺፖቻቸው የሚሆኑ ድራይቨሮችን ከነምንጭ ኮዳቸው አወጡ።

በዚህ ቅደም ተከተል ውስጥ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። አቴሮስ ኮዱን ሲያወጣ፥ ለቀደሙት ቺፖቹ በፈቃደኞች የተሠራው ድራይቨር በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ ወደ ከርነሉ ገብቶ ነበር፤ በብሮድኮምም በኩል እንዲሁ። ስለዚህ በእኛ አስተያየት፥ ምስጢሩ በሌሎች ድካም መገለጥ ከጀመረ በኋላ መሰወሩ ለባለቤቱ የሚሰጠው ጥቅም አንሶ ነበር።

የሆነ ሆኖ ነገሩ በዚህ አልተፈጸመም። ብዙዎቹ ቺፖች ፈርምዌር የሚባል፥ በራሳቸው ውስጥ የሚሠራ ሌላ ፕሮግራም ይፈልጋሉ፤ የዚህም ምንጭ ኮድ በአብዛኛው ዝግ ነው። ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ስርጭት ነፃ ያልሆነውን ፈርምዌር በ2011 ከከርነሉ ለየው። ውጤቱም መረቡን የሚያስከፍተው ፋይል በዚያው መረብ ላይ የሚገኝ መሆኑ ነበር፤ ቁልፉ በተቆለፈው ቤት ውስጥ ቀረ እንደ ማለት ነው። የኬብል መስመር የሌለው ሰው ፋይሉን በሌላ ኮምፒዩተር አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ነበረበት። የዴቢያን አባላት በ2022 ድምፅ ሰጥተው፥ በ2023 የወጣው 12ኛው እትም ፈርምዌሩን ከመጫኛው ጋር አቀረበ።

ስለዚህ ተጠቃሚው ምቾቱን አግኝቷል፤ ዕውቀቱን ግን ገና በሙሉ አላገኘም። የድራይቨሩ በር ቢከፈትም የፈርምዌሩ በር እንደ ተዘጋ ነው። ይህን ታሪክ ያጠና ሰው አንድ መሣሪያ መሥራቱን ብቻ ሳይሆን፥ በተበላሸ ጊዜ ማን መርምሮ ሊያድሰው እንደሚችል መጠየቅ እንደሚገባው እናምናለን።