ዝርገፋ

የክርስትና ድግስ ነበር፤ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ። ዘመዴ የጨጓራ ባይፓስ ካሠራች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ከ120 ኪሎ ወደ 74 ወርዳለች፤ ከርሞ ያያት ሰው ሁሉ «አንቺ ነሽ?» እያለ ይስማታል። የአክስት ጉርሻ አይመለስምና ሁለት ጎረሰች፤ በላዩ አንድ ብርጭቆ ብርዝ ጠጣች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግንባሯ ላብ አወጣ። ልቧ ከነጠላዋ ሥር ሲደልቅ ይታይ ነበር። ሶፋው ጥግ ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።

«ባዶ ሆዷን ውላ ነው» አሉ አንዲት እናት። ሮጠው ስኳር በውሃ በጥብጠው አመጡ፤ ያውም በትልቁ ብርጭቆ። ማን እንቢ ይላል፣ ጠጣችው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሽንት ቤቱ ያውቀዋል። ከበሩ ውጭ ሌላዋ እናት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የሰው ዓይን ነው፤ አምሮባት የለ» ሲሉ ሰማሁ።

ለሆነባት ነገር በአማርኛ ስም ስላልነበረን ያገኘነውን ስም ሁሉ ለጠፍንባት፤ ረሃብ፣ ደም ማነስ፣ ዓይን። ሐኪሞቿ ዳምፒንግ ሲንድረም ይሉታል። እሷም ቤተሰቡን ሰብስባ እንደዚያው ብላ ለማስረዳት ሞክራ ነበር። እናቷ የሰሙት «ደም» የሚለውን ብቻ ስለሆነ ለሳምንት ቀይ ሥርና ጉበት ሲያበስሉላት ሰነበቱ።

እንግሊዝኛው ቃል ከባድ ምሥጢር የለውም። የጫኑትን ነገር በአንድ ጊዜ ማራገፍ ማለት ነው፤ ገልባጭ መኪና አሸዋውን እንደሚያደርገው። ስለዚህ መጀመሪያ «ግልበጣ» ማለት አማረኝ። ግን ሆዴ ተገለበጠ ያለ ሰው አቅለሸለሸኝ ማለቱ ነው፤ ያ ሌላ ነገር ነው። «መደፋት» አልኩ፤ እሱ ደግሞ በግንባሩ የወደቀን ሰው ያስመስላል። ቢያንስ ለኔ ጆሮ የቀረኝ ዘረገፈ ነው። ኪስ ይዘረገፋል፣ ከረጢት ይዘረገፋል፤ በውስጡ ያለው ሳይቆጠርና ሳይመዘን ባንዴ ይፈሳል። ከገለበጠ ግልበጣ እንደምንለው፣ ከዘረገፈ ዝርገፋ። ሙሉ ስም ለሚሻ የጨጓራ ዝርገፋ። «ሲንድረም» የሚለውን ጅራት ለሐኪሞች ትቼዋለሁ፤ ሶፋ ላይ የተጋደመ ሰው ያን ሁሉ የሚጠራበት ትንፋሽ የለውም።

ጤነኛ ጨጓራ መውጫው ላይ ክብ ጡንቻ አለው። የሕክምና ስሙ ከግሪክኛ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም በረኛ። ይህ በረኛ የታመነ ሠራተኛ ነው፦ እህሉ ደቆ፣ ልሞ፣ እንደ አጥሚት እስኪሆን አያሳልፍም። ሲያሳልፍም ጥቂት በጥቂት ነው፤ አንድ ደህና ምሳ ተንቆርቁሮ እስኪያልቅ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይወስዳል። በባይፓስ ግን ሐኪሙ ከጨጓራው አናት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ ከቡና ሲኒ ያነሰ ከረጢት ለይቶ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ይሰፋዋል። በረኛው ከቀሪው ጨጓራ ጋር ወደ ጎን ቀረ። እህል ሳይጠየቅ ያልፋል። ሌላው የቀዶ ሕክምና ዓይነት ጨጓራውን ሦስት አራተኛ ያህል ቆርጦ አውጥቶ ሙዝ የመሰለ ቱቦ ያስቀራል። ፈረንጆቹ እጅጌ ይሉታል፤ «እጅጌ አሠራሁ» ያለ ሰው ግን ልብስ ሰፊ ቤት የሄደ ነው የሚመስለኝ። በዚህኛው በረኛው ባይነሳም ቱቦው ጠባብ ስለሆነ እህሉ ተገፍቶ ቶሎ ይወርዳል፤ ዝርገፋው ከባይፓስ ያነሰ ይሁን እንጂ አይቀርም።

ችግሩ እዚህ ይጀምራል። በጾም ቀን የተከተፈ ቲማቲም ላይ ጨው ነስንሳችሁ ትንሽ ብትተዉት ሳህኑ ውሃ ያቁራል፤ ጨው ውሃውን ከቲማቲሙ ስቦ ያወጣዋል። ስኳርም እንዲሁ ነው። ያልደቀቀና ያልቀጠነ ጣፋጭ ነገር ትንሹ አንጀት ውስጥ በአንድ ጊዜ ሲፈስ ከደም ሥር ውሃ ይስባል። ሆድ ይነፋል፣ ይቆርጣል፣ ይጮኻል። ደም ሥር ውስጥ ያለው ፈሳሽ ስለጎደለ ልብ ይሮጣል፣ ራስ ይዞራል። አንጀትም ድንገት ለመጣበት ጎርፍ ልዩ ልዩ ሆርሞን ይለቅቃል፤ ፊት የሚግለው፣ ሰውነት የሚዝለው በዚህም ጭምር ነው። ይህ ከተበላ ከ10 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ይመጣል። የቶሎ ዝርገፋ እንበለው።

ሁለተኛው የዘገየ ዝርገፋ ነው፤ ከተበላ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ቆይቶ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ስለሚጀምር ሰው ከጨጓራው ጋር አያያይዘውም። ስኳሩ ባንዴ ስለገባ ደም ውስጥ ያለው ስኳር በአንድ ጊዜ ይሰቀላል። ቆሽት ደንግጦ ኢንሱሊን ከልክ በላይ ያፈሳል፤ ስኳሩም ከሚገባው በታች ይወርዳል። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ነገር ይምታታል፣ ሲብስም ራስ ያስታል። መሪ የያዘ ሰው ላይ ሲመጣ ምን እንደሚያደርስ መገመት አያቅትም።

ሁለቱ በላብና በልብ ምት ይመሳሰላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ይጣረሳል። በቶሎው ጊዜ ስኳር መስጠት እሳት ላይ ቤንዚን ነው፤ የሚሻለው ጋደም ብሎ እስኪያልፍ መታገሥ ነው። በዘገየው ጊዜ ስኳር ያስፈልጋል፤ እሱም ለክቶ፣ ወዲያው እንደ እንቁላል ወይም ኦቾሎኒ ያለ ነገር አስከትሎ ነው። ያለዚያ ያ ስኳር ራሱ ሌላ ዝርገፋ ይቀሰቅሳል፤ ሰውየውም ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ሽቅብ ቁልቁል ሲል ይውላል። አሌክሳንድሪያ ላይ የተበጠበጠው ስኳር ደግ እጅ ያመጣው ነበር፤ ሰዓቱ ግን የእሱ አልነበረም።

ነገሩ ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና ይቀድማል። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1922 ያስተዋወቀው ቻርልስ ሚክስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው፤ ያኔ ሕመምተኞቹ ጨጓራቸው ከአንጀት ጋር በአዲስ ቀዳዳ የተገጠመላቸው ነበሩ። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎችም የጨጓራቸው መውጫ በቁስል ጠባሳ ለተዘጋባቸው ሰዎች ይኸው ቀዶ ሕክምና ለብዙ ዓመታት ሲሠራ ኖሯል። ምሳ በልተው ላብ በላብ የሚሆኑና «ቀትር አይስማማኝም» እያሉ የሚተኙ አባቶች በየቤቱ ሳይኖሩ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1982 ማርሻልና ዋረን የጨጓራ ቁስልን ከባክቴሪያ ጋር ሲያገናኙት አንቲባዮቲክ ቢላዋውን ተካና ቃሉም ጡረታ የሚወጣ መሰለ። ግን እ.ኤ.አ. በ1966 የአዮዋው ኤድዋርድ ሜሰን ባይፓስን ጀምሮ ነበር፤ ሐሳቡን ያገኘውም በቁስል ምክንያት ጨጓራቸው የተቆረጠ ሰዎች ሲከሱ አይቶ ነው። ዝርገፋም ሐሳቡን ተከትሎ መጣ።

ጣፋጭ ስለሚያስጠላ ጥቅም አለው፣ ሰውን ከኬክ ይጠብቃል የሚሉ ሐኪሞች ነበሩ። እኔ ይህን ሰውን እየቀጡ እንደ ማስተማር አየዋለሁ። ዘመዴ በዝርገፋ ፍርሃት ድግስ መሄድ ትታ ነበር፤ ኪሎዋ ግን በዚያ ምክንያት አልቀነሰም።

አሁን የምትኖርበት ሥርዓት ቀላል ግን ጥብቅ ነው። በቀን 5 ወይም 6 ጊዜ ትንሽ ትንሽ ትበላለች። ከሁሉ በፊት እንቁላሉን፣ ሥጋውን፣ ምስሩን፤ እንጀራ መጨረሻ ላይ። ከምግብ ጋር አትጠጣም፤ ግማሽ ሰዓት ቆይታ ነው። ውሃ እህሉን ጠርጎ እንዳይወስደው ነው። አኝካ፣ አኝካ፣ እንደገና አኝካ። የጾም ጊዜ ያስቸግራታል፤ ጾም ዳቦና ማንጎ ጭማቂ አይደለም ብላ ሽሮና ክክ ላይ ጠንክራለች፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱን ደግሞ ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋግራ ትታለች። ጠጅ ፈጽማ አትቀምስም። ከባይፓስ በኋላ አልኮል ደም ውስጥ የሚገባው ፈጥኖና በርክቶ ነው፤ ጠጅ ደግሞ ማሩንም ይዞ ይመጣል። ቢ12፣ ብረትና ካልሲየም ዕድሜ ልኳን ትወስዳለች፤ ይህ ከዝርገፋው የተለየ ዕዳ ነው፣ ግን የዚያው ቀዶ ሕክምና ዕዳ ነው። በምግብ ብቻ ላልታረመ ዝርገፋ መድኃኒትም አለ፤ ከመድኃኒቶቹ አንዱ አካርቦስ የሚባለው ስኳር ከአንጀት ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት የሚቀንስ ነው።

ለነፍሰ ጡሮች አንድ ነገር ልጨምር፤ ሲነገር ብዙም አልሰማሁም። የእርግዝና ስኳር ለመመርመር 50 ወይም 75 ግራም ግሉኮስ የተበጠበጠበት ፈሳሽ በአንድ ትንፋሽ ያስጠጣሉ። ባይፓስ ላሠራች ሴት ይህ በእጅ የተሰጠ ዝርገፋ ነው። አስቀድማ ብትናገር ስኳሯን ቤቷ በጣት ደም እየለካች የምትከታተልበት ሌላ መንገድ አለ።

አንድ ቃል ለአማርኛ ይሁን አይሁን የሚፈተነው በግስ ነው። እኛ ስንታመም ራሳችንን ባለቤት አናደርግም፤ ራበኝ፣ አዞረኝ፣ አቃጠለኝ እንላለን። ዝርገፋም «ተዘረገፈብኝ» ብሎ ይታዘዛል። ባለፈው እሑድ ዘመዴ ከሥራ ቦታዋ ለእናቷ ደውላ ይህንኑ አለች። እናቷ ስልኩን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ሽንኩርታቸውን ሳያቋርጡ ጠየቋት፤ «ስንት ሰዓት ላይ በላሽ?»