የአገር ዕፅዋትን ለሕፃናት ስለ ማስተማር

በኢትዮጵያ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት ሕፃናት የዕፅዋት ትምህርት አልነበራቸውም ማለት ስሕተት ነው። እረኛው ልጅ አጋምን ከቀጋ ለይቶ ይለቅም ነበር፤ ሴት ልጅ ለጠላ የሚሆነውን ጌሾ፣ ለጋን ማጠኛ የሚሆነውን ወይራ ከእናቷ ትማር ነበር፤ የቆሎ ተማሪም በደብሩ ጥድና ዝግባ ጥላ ሥር ፊደል ሲቈጥር ብዕሩን ከመቃ ይቀርጽ ነበር። ይህ ትምህርት ሰሌዳና መጽሐፍ ባይኖረውም፣ የዕፁን ስም ከጥቅሙና ከጉዳቱ ጋራ አንድ አድርጎ ያስተምር ነበር።

ከሩቅ አገር የመጡ ሊቃውንትም የተማሩት ከዚሁ ምንጭ ነው። በ1769 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ የገባው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ኮሶን ለአውሮፓ አስተዋወቀ፤ በ19ኛውም መቶ ዓመት ኮሶ በአገሩ ስም እየተጠራ በአውሮፓ የትል መድኃኒት ሆነ። በ1837 እ.ኤ.አ. የመጣው ጀርመናዊው ዊልሄልም ሺምፐር ዕፅዋትን እየለቀመና እያደረቀ ወደ አገሩ ይልክ ነበር፤ በየአጥሩ የሚተከለው ሰንሰል እስከ ዛሬ በሳይንስ መጠሪያው የእርሱን ስም ይዟል።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር ለማቃለል ባሕር ዛፍ ገባ። ችግሩንም አቃለለ፤ ነገር ግን የከተማው ልጅ ከአገሩ ዛፎች ሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ይህን እንግዳ ዛፍ ሆነ። በአዲሶቹ ትምህርት ቤቶች የገቡትም መጻሕፍት በብዛት ከውጭ የመጡ ስለ ነበሩ ኮሶና ብሳና ከክፍል ውጭ ቀሩ።

የቤትን ዕውቀት አለመናቅ ምን ፍሬ እንደሚሰጥ የዶክተር አክሊሉ ለማ ሥራ ያስረዳል። በ1964 እ.ኤ.አ. በዐድዋ ስለ ቢልሃርዝያ ሲመረምሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። እንዶድን እያንዳንዱ ቤት ያውቀው ነበር፤ ሊቁ ግን ያንን ዕውቀት በምርመራ አጸናው።

በአዲስ አበባ በ1959 እ.ኤ.አ. ብሔራዊው የደረቅ ዕፅዋት ማኅደር ተቋቋመ። በ1980 የተጀመረውም የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ በ2009 እ.ኤ.አ. ተፈጸመ። ይሁን እንጂ መዝገቡ ለሊቃውንት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለ ሆነ ወደ ሕፃኑ የሚያደርሰው መምህሩ ነው።

ለዚህም ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ተማሪዎች በአቅራቢያቸው ካለ ደብር ወይም ወንዝ ዳር አንድ ዛፍ መርጠው ቅርፊቱን፣ ቅጠሉን፣ አበባውንና ፍሬውን ይመልከቱ፤ ስሙን ከሽማግሌዎች ይጠይቁ። በአማርኛ ዝግባ የሚባለው በኦሮምኛ ቢርቢርሳ፣ ኮሶም ሄጦ መባሉን ሲያውቁ፣ ለሁሉ የጋራ የሆነ የሳይንስ ስም ለምን እንዳስፈለገ ይገባቸዋል። ኮሶ ከመጠን ሲያልፍ፣ እንዶድም ሲዋጥ ስለሚጎዳ፣ ያለ መምህር ፈቃድ ምንም እንዳይቀምሱ አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ይገባል።

በሰሜኑ ደጋ ብዙው ደን ተመንጥሮ የአገር ዛፎች የተረፉት በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። እነዚህን የሚወርሰው ትውልድ ዛፎቹን በስማቸው ለይቶ ካላወቀ፣ የትኛው እንደ ጠፋና የትኛው መተካት እንዳለበት ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ መምህራን ይህን ትምህርት እንደ ትርፍ ሥራ ሳይሆን እንደ ዋና ግዴታ ሊቈጥሩት ይገባል።