ጆርጅ ትራዮን፦ ከዙላ ወደብ እስከ ቪክቶሪያ መስጠም

ስለ መቅደላ ዘመቻ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በጄኔራል ናፒየር፣ በእሮጌ ውጊያና በዐፄ ቴዎድሮስ ፍጻሜ ላይ ነው። ያ ጦር ግን ደጋውን ከመውጣቱ በፊት ዙላ ላይ ከመርከብ መውረድ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1868 በዚያ ወደብ የማጓጓዣ መርከቦቹ ኃላፊ የነበረው የ36 ዓመቱ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ካፒቴን ጆርጅ ትራዮን ነው።

ትራዮን ባሕር ኃይል የገባው በ1848 ነው። በክራይሚያ ጦርነት ከመርከብ ወርዶ በሴቫስቶፖል ምሽግ ፊት ተዋግቷል፤ ቆስሏልም። በ1861 በአዲሷ ብረት ለበስ መርከብ በዎሪየር ላይ ተመደበ። ዙላ የጠበቀው ሥራ ግን ከውጊያ የተለየ ነበር። በመቶ የሚቆጠሩ መርከቦች ወታደር፣ በቅሎ፣ ዝሆንና የባቡር ሐዲድ ጭነው ይደርሳሉ፤ በባሕሩ ዳር የሚጠጣ ውኃ የለም። ውኃው የሚገኘው የባሕሩን ጨዋማ ውኃ በእንፋሎት በማጣራት ነበር። በዚያ ሙቀት ውስጥ ያለ እረፍት መሥራቱ ጤናውን ጎድቶታል። ስለ ዘመቻው የሎጂስቲክስ ጥበብ ስናወራ ይህን ድካም መዝለል አይገባም እላለሁ፤ መቅደላን የሰበረው መድፉ ብቻ አልነበረምና።

በ1891 የሜዲትራኒያን መርከቦች ጠቅላይ አዛዥ ሲሆን ትልቁን ሐሳቡን መሞከር ጀመረ። የዘመኑ ባሕር ኃይል እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በባንዲራ ምልክት የሚያዝ ነበር። ትራዮን በጦርነት ጊዜ ጭሱ ምልክቱን እንደሚሸፍነው፣ ገመዱንም ጥይት እንደሚበጥሰው ያውቃል። ስለዚህ ካፒቴኖቹ የመሪውን መርከብ አካሄድ በማየት ብቻ፣ ረጅም ትእዛዝ ሳይጠብቁ፣ በራሳቸው ማስተዋል እንዲከተሉት አለማመዳቸው።

ሰኔ 22 ቀን 1893 ከሊባኖሷ ትሪፖሊ አቅራቢያ የሆነው ግን ከዚህ ሐሳብ ጋር የሚጋጭ ነው። የዕለቱ እንቅስቃሴ የተመራው በተለመደው የባንዲራ ምልክት ነበር። ሁለት የመርከብ ሰልፎች በ1,100 ሜትር ያህል ርቀት ጎን ለጎን እየሄዱ ወደ ውስጥ እንዲዞሩ አዘዘ። እያንዳንዱ መርከብ ለመዞር 730 ሜትር ገደማ ስለሚያስፈልገው ቦታው እንደማይበቃ ሌሎች መኮንኖች ተረድተዋል፤ አንዱም ርቀቱ እንዲሰፋ አሳስቦት ነበር። የሁለተኛው ሰልፍ መሪ ሪር አድሚራል ማርካም አመነታ። ትራዮን ምን እንደሚጠብቅ በምልክት ሲጠይቀው ግን ታዘዘ። የማርካም መርከብ ካምፐርዳውን የትራዮንን ቪክቶሪያ ወጋቻት፤ ቪክቶሪያም በሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ሰጠመች። ትራዮንን ጨምሮ 358 ሰዎች ሞቱ።

ማልታ ላይ የተሰየመው ወታደራዊ ፍርድ ቤት ጥፋቱን የሟቹ አድሚራል አደረገው፤ ማርካም ጥርጣሬውን በምልክት አለመግለጹም እንደሚያሳዝን አስታወቀ። ውሳኔው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። የማልስማማው በውጤቱ ነው፤ ከአደጋው በኋላ በዕለቱ ያልተሠራበት አዲሱ ዘዴም ከአዛዡ ጋር ተቀበረ። ታሪክ ጸሐፊው አንድሩ ጎርደን እንደሚከራከሩት፣ በ1916 የጀትላንድ ውጊያ የእንግሊዝ መርከቦች ትእዛዝ ሲጠብቁ ዕድል ያመለጣቸው በዚሁ ወደ ምልክት መጽሐፍ በመመለስ የተነሳ ነው። የጀትላንዱ ጠቅላይ አዛዥ ጆን ጄሊኮ፣ ቪክቶሪያ ስትሰጥም ከታመመበት አልጋ ተነሥቶ የተረፈ መኮንኗ ነበር።