አሮጌውን ቦይለር ከመለወጥዎ በፊት መስመሩን ይጠቡ

በአገራችን ቤትን በራዲያተር ማሞቅ ስላልተለመደ፣ «ቦይለር» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የኤሌክትሪክ ውኃ ማሞቂያ ነው። ከደብረ ማርቆስ እስከ መርጡለ ማርያም ባለው የምሥራቅ ጎጃም ደጋ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ የጠዋት ቧንቧ ውኃ እጅ በሚያደነዝዝበት አካባቢ፣ ቦይለር ላስገባ ቤተሰብ ዕቃው የቅንጦት አይደለም። መሣሪያው መጮኽ ወይም ቶሎ ቶሎ መቀዝቀዝ ሲጀምር ባለቤቱ አውጥቶ በአዲስ ለመተካት ይቸኩላል። ይሁን እንጂ አዲሱ ቦይለር ካልታጠበ አሮጌ መስመር ጋር ከተገናኘ የቀዳሚው ዕጣ ይጠብቀዋል።

ቆሻሻው ከየት ይመጣል?

በቦይለር ውስጥ የሚጠራቀመው ቆሻሻ በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው የኖራ ቅርፊት ነው። ውኃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዥየም ያሟሟል፤ ሲሞቅ ደግሞ ያሟሟውን መልሶ ይጥላል። የመቀሌና የድሬዳዋ ነዋሪዎች ይህን ነጭ ቅርፊት ከማንቆርቆሪያቸው ያውቁታል። የጎጃም አምባ የላይኛው ክፍል በአብዛኛው እሳተ ገሞራ የፈጠረው ጥቁር ድንጋይ ሲሆን፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ የኖራ ድንጋይ ይገኛል። በመሆኑም የቅርፊቱ መጠን ውኃው እንደሚመነጭበት ቦታ ይለያያል።

ሁለተኛው ዝገትና ደለል ነው። የቆዩ የብረት ቧንቧዎች ከውስጥ ይዝጋሉ። ውኃ ተቋርጦ ሲመለስ ደግሞ የተላቀቀውን ዝገት፣ በተለይ በክረምት ከድፍርሱ ጋር፣ እየገፋ ወደ ቦይለሩ ያስገባል።

ጉዳቱ ምንድን ነው?

ቅርፊት የለበሰ ማሞቂያ ዘንግ ሙቀቱን ለውኃው በወቅቱ ማስተላለፍ ስለማይችል ራሱ ከመጠን በላይ ግሎ ይቃጠላል። ከውስጥ የሚሰማው የመንተክተክ ድምፅም ከዚሁ የመጣ ነው። ብዙዎች ጉዳቱን በቆጣሪ ይለኩታል፤ ነገር ግን ሙቀቱ ዘግይቶም ቢሆን ወደ ውኃው ስለሚገባ፣ ዋናው ኪሳራ የሚቃጠለው ዘንግና በዝቃጭ የሚያዘው የጋኑ ቦታ ነው።

«ቦይለሩ ሞቷል» ከማለት በፊት አንድ ሒሳብ ይሥሩ። 80 ሊትር ውኃን ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማድረስ 4.2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። 1,500 ዋት የሆነ ቦይለር ይህን በሦስት ሰዓት ገደማ ይጨርሳል። የመስመሩ ኃይል ከ220 ወደ 180 ቮልት ከወረደ ግን የማሞቅ አቅሙ ወደ 1,000 ዋት ስለሚቀንስ ከአራት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ይህ የኤሌክትሪኩ እንጂ የቦይለሩ ችግር አይደለም። በተለመደው ጊዜ ሞቆ ቶሎ የሚያልቅ ከሆነ ግን ዝቃጭን ይጠርጥሩ።

አስተጣጠቡ

1. ኤሌክትሪኩን ከብሬከሩ ያጥፉ፤ ኃይል አለመኖሩን በቴስተር ያረጋግጡ። ውኃው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፤ 60 ዲግሪ የደረሰ ውኃ በሰከንዶች ውስጥ ቆዳ ያቃጥላል።

2. የቀዝቃዛ ውኃ መግቢያውን ዘግተው የሙቅ ውኃ ቧንቧ ይክፈቱ፤ ከዚያ ጋኑን በጎማ ወደ ፍሳሽ ያራግፉ። መግቢያውን ለአጭር ጊዜ እየከፈቱና እየዘጉ፣ የሚወጣው እስኪጠራ ይደጋግሙ።

3. የታችኛውን ክዳን ባለሙያ ከፍቶ የማሞቂያ ዘንጉንና የማግኒዥየም ዘንጉን ይመልከት። የማግኒዥየም ዘንጉ ራሱ እየተበላ ጋኑን ከዝገት የሚጠብቅ ነው፤ ካለቀ ይለወጣል። ቅርፊቱን በአቼቶ ወይም በሲትሪክ አሲድ ማሟሟት ይቻላል። ከበረኪና ጋር ግን ፈጽሞ አይቀላቅሉ፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

4. እዚህ ላይ ይወስኑ። የተበላሸው ማሞቂያ ዘንጉ ወይም ቴርሞስታቱ ብቻ ከሆነ መለዋወጫው ይበቃል። ጋኑ ራሱ ዝጎ የሚያፈስ ከሆነ ግን መለወጥ እንጂ መጠገን አያዋጣም።

5. አዲሱ ከመገጠሙ በፊት ሮቶውን ያጽዱ። የቧንቧ አፍ ማጣሪያዎችንና የሻወር ራሶችን ፈትተው፣ ከሮቶው ርቆ ካለው ቧንቧ ጀምሮ ሁሉንም ይክፈቱ። የወደፊቱ የቦይለር መግቢያ መስመርም በባልዲ ላይ ለብቻው ይታጠብ።

6. አዲሱን ውኃ ይሙሉት፤ የሙቅ ውኃ ቧንቧው ያለ አየር እስኪፈስ ድረስ ብሬከሩን አይንኩ። ባዶ ጋን ላይ የበራ ዘንግ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። የመሬት ሽቦው መያያዙም ይረጋገጥ።

ሴፍቲ ቫልቩን አይድፈኑ

ቦይለር ሲሞቅ ከቫልቩ ውኃ መንጠባጠቡ ብልሽት የሚመስለው ብዙ ነው። 80 ሊትር ውኃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ከአንድ ሊትር በላይ ይስፋፋል፤ ትርፉ የሚወጣው በዚያ በኩል ነው። ቫልቩ ከተደፈነ ወይም በዝገት ከታፈነና ቴርሞስታቱም ካልቆረጠ ጋኑ ሊፈነዳ ይችላል። በደብረ ማርቆስ ከፍታ ውኃ ወደ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ተዘግቶ ከዚያ በላይ የሞቀ ውኃ ጋኑ ሲሰነጠቅ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል። መስመሩን የማጠብ ትልቁ ጥቅም ይህን ትንሽ ቫልቭ ከቆሻሻ መጠበቅ ነው። አብዛኛው ዓይነት ውኃ ሲቋረጥ ጋኑ ወደ ኋላ እንዳይራገፍም ይከለክላል።

በውጭ አገር

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችንም ደንቡ ያው ነው። በውኃ በሚሠራ የቤት ማሞቂያ ውስጥ የብረት ዝገት ጥቁር ጭቃ ሆኖ በራዲያተሩ ሥር ስለሚተኛ፣ ላዩ ሞቆ ታቹ ይቀዘቅዛል። አዲስ ቦይለር ከመገጠሙ በፊት መስመሩ ይታጠባል፤ ዝገት ተከላካይ ኬሚካልና የማግኔት ማጣሪያም ይጨመራል።

ከዚያ በኋላ ዓመታዊ እጥበት ይበቃል፤ ኖራ በሚበዛበት አካባቢ ግን በየስድስት ወሩ ቢሆን ይመረጣል። ለደጋው ሰው አመቺው ወቅት መስከረም ነው፤ የክረምቱ ድፍርስ አልፏል፣ የኅዳር ብርድም ገና አልገባም።