ሕግ ነፃ ያወጣው፣ ሰው ያልማረው

የሕግ ተማሪ ሳለን ከአእምሯችን የማይጠፉ ሦስት ቃላት ነበሩ፤ ሀሳብ፣ ቸልተኝነትና ድንገተኛ አጋጣሚ። ሦስተኛው ሲነሳ እኔን ትዝ የሚለኝ የመዝገብ ቁጥር ሳይሆን አንድ የስኮትላንድ በረኛ ነው። ጆን ቶምሰን ይባላል።

ቶምሰን የተወለደው በጥር 1909 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በፋይፍ አውራጃ በኪርካልዲ ከተማ ነው። ያደገው ግን በዚያው አውራጃ፣ ካርደንደን በምትባል የከሰል ማዕድን መንደር ነው። ገና በልጅነቱ ጉድጓድ ወርዶ ሠርቷል። በ1926 የሴልቲክ ክለብ መልማይ ወደ ፋይፍ ብቅ ያለው የሌላ ቡድን በረኛ ሊያይ ነበር። ዓይኑ ያረፈው ግን ቶምሰን ላይ ሆነና በ10 ፓውንድ አስፈረመው።

በየካቲት 1927፣ በ18 ዓመቱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሴልቲክ ተሰለፈ። በዚያው ዓመት ኢስት ፋይፍን 3 ለ 1፣ በ1931 ደግሞ ማዘርዌልን በድጋሚ ጨዋታ 4 ለ 2 አሸንፈው የስኮትላንድን ዋንጫ ሲያነሱ በረኛው እሱ ነበር። ለብሔራዊ ቡድን አራት ጊዜ ተሰልፏል፤ በመጋቢት 1931 እንግሊዝ 2 ለ 0 ስትሸነፍ መረቡን ያላስደፈረው ቶምሰን ነው። ቁመቱ ለበረኛ አጭር ቢባልም ኳስ አያያዙ ያማረ፣ አጥቂ እግር ሥር ለመወርወርም የማያመነታ ነበር። ድፍረቱ ዋጋ አስከፍሎታል፤ በየካቲት 1930 ከኤርድሪ ጋር ሲጫወቱ መንጋጋውና የጎን አጥንቱ ተሰበረ። አገግሞ ያንኑ ድፍረት ይዞ ተመለሰ።

መስከረም 5 ቀን 1931 ሴልቲክ ከባላንጣው ሬንጀርስ ጋር በአይብሮክስ ስታዲየም ተገናኘ። ተመልካቹ 80 ሺህ ገደማ ነበር። ከዕረፍት በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሳም ኢንግሊሽ የተባለው የሬንጀርስ አጥቂ ወደ ግብ ገሰገሰ። ቶምሰን እግሩ ሥር ተወረወረ። ኳሷ ብትወጣም የአጥቂው ጉልበት የበረኛውን ጭንቅላት መታ። ከሬንጀርስ ደጋፊዎች አንዳንዶቹ ሲጮሁ፣ አምበላቸው ዴቪ ማይክልጆን ወደ እነሱ ሄዶ ዝም አሰኛቸው። ያኔ ተቀያሪ የሚባል ስላልነበረ ቺክ ጊተንስ የተባለ የሜዳ ተጫዋች ግብ ጠባቂ ሆነ፤ ጨዋታው 0 ለ 0 አለቀ። ቶምሰን የራስ ቅሉ ተሰብሮ በዚያው ምሽት ሆስፒታል ውስጥ አረፈ። ዕድሜው 22 ነበር። ለቀብሩ ከግላስጎው እስከ ካርደንደን በእግራቸው የተጓዙም ነበሩ።

አሁን ወደ እኔ ሙያ እንምጣ። በስኮትላንድ ሕግ ሰው በሥራ ላይ እያለ በአደጋ ሲሞት ምርመራው በፍርድ ቤት ይካሄዳል። የቶምሰን ሥራ በረኝነት ነውና ምርመራው በጥቅምት 1931 ግላስጎው ላይ ተሰማ። ውጤቱም ሞቱ ድንገተኛ አደጋ ነው የሚል ሆነ። የቶምሰን ቤተሰብም ኢንግሊሽን አልወቀሰም።

ይሁንና የሴልቲክ አሠልጣኝ ዊሊ ሜሊ ምስክርነት ሲሰጡ፣ ድንገተኛ አደጋ እንደሆነ ተስፋ እንደሚያደርጉ፣ ነገር ግን አስተያየት ለመስጠት የሚያበቃ ነገር እንዳላዩ ተናገሩ። ወጣት ሳለሁ ይህን የጥንቁቅ ምስክር ቃል አድርጌ እቆጥረው ነበር። አሁን ግን እንዲያ አላስብም። «በበቂ አላየሁም» ማለት ምስክርነት ነው። «ተስፋ አደርጋለሁ» ማለት ግን ጥርጣሬን በጨዋ ቋንቋ ማውጣት ነው፤ ጥርጣሬን ደግሞ መስቀለኛ ጥያቄ አያፈርሰውም።

ኢንግሊሽ በዚያው የውድድር ዘመን 44 የሊግ ግቦች አስቆጥሮ የክለቡን ክብረ ወሰን ያዘ። ሆኖም በየሜዳው «ነፍሰ ገዳይ» እየተባለ ተጮኸበት። በ1933 ወደ ሊቨርፑል ተሻገረ፤ ጩኸቱ ግን ተከተለው። በ1938 ጫማውን ሲሰቅል ከአደጋው ወዲህ የተጫወተባቸው ዓመታት ደስታ አልባ እንደነበሩ ተናግሯል። በ1967 አረፈ።

ለቶምሰን ዛሬም መቃብሩ ላይ አበባ ይቀመጣል፤ ይገባዋልም። እኔ ግን ያንን መዝገብ ባሰብኩ ቁጥር የማዝነው ለሁለት ወጣቶች ነው። ፍርድ ቤት የአንድን ሰው ጥፋት አለመኖር ሊያረጋግጥ ይችላል። ስሙን የመመለሱ ሥራ ግን የእኛ፣ በዙሪያው የቆምነው ሰዎች ነው።